አርባ አምፔር ለገዳሙ

ሴት ከጀልባ መውረጃው አልፋ አንዲት እርምጃ እንዳትራመድ በተከለከለችበት ደሴት ላይ የሚተከል ዕቃ ሥሪ ስባል፣ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሠሪዋ ዕቃው የተቀመጠበትን ቦታ አታይም፤ የሚያዩት መነኮሳት ደግሞ ዕቃው ምን እንደሆነ አያውቁም። ከዚህ የተሻለ የሥራ ክፍፍል ባሕር ዳር ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱም አላየሁም።

እኔ ባሕር ዳር በአንድ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። መብራት ሲኖር በመብራት አስተምራለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ስለ መብራት አስተምራለሁ። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። እናቴ ባረፈች ጊዜ ተዝካሯን አውጥተው፣ ቤቱን ለእኔ ትተው፣ ጣና ላይ ካሉት የወንድ ገዳማት በአንዱ ገብተው መነኮሱ። ዓለምን ንቀው ሄዱ ይባላል። ዓለም ከተባለው ውስጥ እኔም ሳልኖርበት አልቀርም፤ ቢሆንም ቁልፍ ያላትን ትንሿን ስልካቸውን ይዘው ነው የሄዱት።

ገዳሙ ከደሴቱ ኮረብታ አናት ላይ ነው፤ ውኃው ታች። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት የተተረተው እዚያ ቁጭ ተብሎ ሳይሆን አይቀርም። ዙሪያውን ሁሉ ሐይቅ ነው፤ ላይ ቤት ግን በሰው ጀርባ ካልወጣ አንድ ጣሳ ውኃ የለም። መነኮሳቱ በተራ ይቀዳሉ። ለሽማግሌ ተራው ይቀርለታል፤ አባቴ ግን እንዲቀርላቸው አልፈለጉም። «ተራዬን ለማን ሰጥቼ ልጸድቅ ነው?» ይላሉ። በክረምቱ እርጥብ ድንጋይ ላይ ከነጀሪካናቸው ወደቁ። የገዳሙን ጓዳና ንብረት የሚይዙት መነኩሴ፣ መጋቢው፣ ፈልገው እስኪያገኟቸው ድረስ ዝናቡ ሲወርድባቸው ቆየ። ጉልበታቸው አበጠ። ወደ ሐኪም ቤት ልውሰድዎት ብላቸው «ከገዳም ወጥቼ የት ልሞት ነው?» አሉኝ፤ እብጠቱ ጎደል ሲል እንደገና ጀሪካን አንሥተው ወረዱ። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የኤሌክትሮኒክስ ጉዳይ አልነበረም። አባቴ ዳግመኛ ሳይወድቁ ውኃውን ሽቅብ ማውጣት ነበረብኝ።

ደግነቱ ገዳሙ ምንም አልጎደለበትም። አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት የፀሐይ ሰሌዳና በድምሩ አርባ ስምንት ቮልት የሚሰጡ አራት ባትሪዎች አስገብቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሄዷል። ቀጥሎ አንድ የከተማችን ነጋዴ የተሳለው ደርሶለት የውኃ ፓምፕ አስገባ። ፓምፑ የሚሠራው በአሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ ሲሠራ ደግሞ አርባ አምፔር ይጠይቃል፣ የአንድ መኪና ፊት መብራቶች ከሚወስዱት በብዙ እጥፍ። ስለዚህ ገዳሙ እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩ ሁለት በረከቶች ነበሩት። ባትሪው ከዕቃ ቤቱ አንድ ጥግ፣ ፓምፑ ከነካርቶኑ ሌላ ጥግ ተቀምጠዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳቤ የጤነኛ ሰው ሐሳብ ነበር፤ ፓምፑን ወደ ሱቁ መልሶ በባለ አርባ ስምንት ቮልት መለወጥ። ጀልባ መውረጃው ላይ ቆሜ ይህን ለመጋቢው ስነግራቸው፣ ታቦቱን እንለውጥ ያልኋቸው ያህል አዩኝ።

«ስለት እኮ ነው፣ እኅታችን» አሉኝ ቀስ ብለው። «የተሳለውን ነው የምንቀበል።»

«የሚለወጠውም ለዚያው ለገዳሙ ነው እኮ፣ አባ።»

«እርሱስ ነው። ግን የተሳለው ይህን ነው።»

ከስለት ጋር ክርክር የለም። ኮሌጅ ስመለስ አንድ ባልደረባዬ ከአራቱ ባትሪዎች አንዱን ብቻ ለይተሽ ጥለፊው፣ እሱም አሥራ ሁለት ቮልት ነው ብሎ መከረኝ። እንዲህ ያለውን ምክር የሚሰጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ባትሪ የለውም። አንዱ ባትሪ እየተሟጠጠ ሦስቱ ሞልተው ሲያድሩ መጨረሻ ላይ አራቱም ይበላሻሉ። በአባቴ ገዳም ባትሪ ገዳይ ተብዬ መታወቅ አልፈለግሁም። የቀረኝ ሬጉሌተር መሥራት ነው፤ አርባ ስምንቱን ወደ አሥራ ሁለት የሚያወርድ፣ አርባ አምፔር ሲጠየቅ የማይደነግጥ።

መጽሐፍ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ትርፉን ቮልቴጅ በሙቀት አቃጥሎ መጣል ይቻላል፤ እንዲያ ከሆነ ግን ከባትሪው ኃይል ከአራት እጅ ሦስቱ ምድጃ ሆኖ ይቀራል። ብልሁ መንገድ ማብራትና ማጥፋት ነው። ሞስፌት የሚባል የኤሌክትሪክ በር በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሲከፈት ኮይሉ፣ ማለትም የሽቦው ጥቅል፣ ኃይል ይቋጥራል፤ ሲዘጋ የቋጠረውን ለፓምፑ ያካፍላል፤ ካፓሲተሩ ደግሞ ግርግሩን ያስታግሳል። በሩ ከጊዜው ሩቡን ያህል ብቻ ተከፍቶ ቢውል አርባ ስምንቱ አሥራ ሁለት ይሆናል። ተማሪዎቼ ይህን ፈተና ላይ ጽፈው ሙሉ ማርክ ያገኛሉ። ፈተና ላይ የሚጨስ ነገር የለም።

አርባ አምፔር ግን ቀልድ አያውቅም። በዚህ መጠን ሲሆን ቦርዱ ላይ ያለች ቀጭን የመዳብ መስመር ሳትቀር ምድጃ ትሆናለች። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ መርጦ መግዛት ነው። እኛ ከተማ ዕቃ መምረጥ ማለት ባለሱቁ ያስመጣውን መውደድ ማለት ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ስማቸው አንድ፣ አጻጻፋቸው ሦስት ዓይነት የሆኑ ሞስፌቶች ቀረቡልኝ።

«የትኛው ነው ኦሪጅናሉ?»

«ሁሉም ኦሪጅናል ናቸው» አለኝ ባለሱቁ።

«ታዲያ ዋጋቸው ለምን ተለያየ?»

«ይሄኛው የበለጠ ኦሪጅናል ስለሆነ ነዋ።»

ዓይንሽን ጨፍኚና ላሞኝሽ። ከሦስቱም ገዝቼ ላቦራቶሪ ወስጄ ለካኋቸው፤ የበለጠ ኦሪጅናል የተባለው ከሁሉም የባሰ ሆኖ ተገኘ። በሩ ሲከፈት እንኳ በግማሽ ልብ ነው የሚከፈተው፤ ኤሌክትሪኩ ተጋፍቶ ሲያልፍ ይሞቃል። ርካሹን ወሰድሁ። ለኮይሉ ከተበላሸ የብየዳ ማሽን የወጡ ሁለት ቀለበቶች አግኝቼ ደረብኋቸውና ጣቴ እስኪላጥ ወፍራም መዳብ ጠቀለልሁባቸው። አንድ ቀለበት ብቻውን ፓምፑ ሲነሣ የሚጠይቀውን ያህል መሸከም አይችልም፤ ኮይል ደግሞ ከጠገበ ኮይልነቱን ይረሳል፣ ያን ጊዜ ሞስፌቱ ከባትሪው ጋር ብቻውን ይፋጠጣል። ካፓሲተሮቹን ሙቀት ከሚችሉት ወገን መረጥሁ። ኮይሉ የቋጠረውን ሲያካፍል መመለሻ መንገድ ያስፈልገዋል፤ እዚያ ላይ ሁለተኛ ሞስፌት ማስገባት ይቻል ነበር፣ እኔ ግን ለመነኩሴ ቀላል ነገር ይሻላል ብዬ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ ትልቅ ዳዮድ አስገባሁ። ዳዮድ ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ገር ነው፣ ብቻ ይሞቃል።

ማቀዝቀዣ ማራገቢያ አላደረግሁለትም። ከሐይቁ የሚነሣውን የትንኝ መዓት የሚያውቅ ሰው ማራገቢያ አያደርግም፤ ሁለት ምሽት ሳይሞላው በትንኝ ይታፈናል። በምትኩ ከሳጥኑ ጀርባ አየር የሚያቀዘቅዘው ባለ ክንፍ አልሙኒየም ሰካሁበት፤ አልሙኒየሙ ከልክ በላይ ከጋለም ሳጥኑን የምታጠፋ፣ ሲበርድ መልሳ የምታበራ የሙቀት ጠባቂ አስቀመጥሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አሠራሁት። ሞቀ እንጂ አልጋለም። ራሴን በጣም አደነቅሁ፤ ሌላ የሚያደንቀኝ ሰው በአቅራቢያው አልነበረም።

ሳጥኑን በጀልባ ይዤ ሄድሁ። አባቴ ከነጀሪካናቸው ወደ ውኃው ወርደው አገኘኋቸው፤ ተራቸው ደርሶ እንጂ ለእኔ ብለው እንዳልወረዱ አስቀድመው ነገሩኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ስለ ሰፈሩ ሰው አንድ ባንድ ጠየቁኝ። ዓለምን የናቀ ሰው እንዲህ ጎረቤቱን ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። ከዚያ መጋቢው ሳጥኑን ተሸክመው ወጡ፤ አባቴም ተከትለው ወጡ፤ እኔ ከጀልባው ሳልወርድ በስልክ አስገጠምኋቸው። ፓምፑንና ቱቦውን መነኮሳቱ አስቀድመው ዘርግተውት ነበር፤ የቀረው ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ ነው። ፓምፑ ተነሣ። ውኃው ላይ ቤት ወዳለው ገንዳ ሲገባ በስልኩ ተሰማኝ።

«ደኅና ነው» አሉ አባቴ።

ይህን የማያውቅ ሰው ሙገሳ አይለውም። አባቴ ግን ግሩም ቅኔ የዘረፈ ደቀ መዝሙር ሲያጋጥማቸው የሚሉት «ደኅና ነው» ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ያሉኝ «ጨረስሽ?» ነው። ስለዚህ በመመለሻዬ ላይ ሐይቁ ሁሉ የእኔ መሰለኝ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ስልኬ ጮኸ፤ አባቴ ናቸው።

«ልጄ፣ ዕቃሽ ይደክመዋል።»

«እንዴት ይደክመዋል?»

«ይሠራል፣ ይሠራል፤ ገንዳው ሳይጋመስ ይተኛል። አርፎ ደግሞ ይነሣል። እንደኔው ነው።»

የሙቀት ጠባቂዋ እያጠፋችው እንደሆነ ገባኝ። ለምን እንደምታጠፋው ግን አልገባኝም። መጋቢው ሳጥኑን አወረዱልኝ፤ ባሕር ዳር ወስጄ ፈተንሁት፤ ቀኑን ሙሉ ሠራ። መልሼ ወሰድሁት፤ ገንዳው ሳይጋመስ ተኛ። ካፓሲተሮቹን ለወጥሁ። ተኛ። ሞስፌቶቹን ለወጥሁ። ተኛ። ስለቱን መውቀስ አይቻል፣ ገዳሙን መውቀስ አይቻል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ በየጊዜው አንድ ምስኪን ዕቃ እየነቀልሁ ጣልሁ። ጠባቂዋን ራሷን ሐሰተኛ ናት ብዬ ፈረድሁባትና በሌላ ተካኋት። አዲሷም እንደ አሮጌዋ መሰከረች። የክፍል ኃላፊያችን በየመንገዱ «ጻድቃኑ አልተቀበሉሽም እንዴ?» እያለ ይቀልድብኝ ጀመር። ይህ ሰው እንዲህ ሲጫወት እንጂ ሲሠራ ታይቶ አይታወቅም።

ወደ ደሴቱ በሄድሁ ቁጥር አባቴ ውኃው ዳር ነበሩ። ሳጥኑ ሲተኛ ተራው ተመልሷላ። እሳቸው ጀሪካናቸውን ይሞላሉ፤ እኔ ጀልባው ውስጥ ሆኜ እናደዳለሁ፤ እስኪሞላ እንጨዋወታለን። አንድ ቀን ተሸክመው ሲወጡ ግራ እግራቸውን እንደሚጎትቱ አየሁ። ከዓይን ሲርቁ መጋቢው ወደ ጀልባው ጠጋ አሉ።

«አትንገራት ብለውኛል፤ ግን ትናንትና ወድቀዋል» አሉኝ።

ንዴቱ እስከ ባሕር ዳር አልበረደልኝም። በአባቴ ተናደድሁ፤ በስለቱ፣ በድንጋዩ፣ ሴትን በሚከለክለው ሥርዐትም ተናደድሁ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቼ ሳጥኑን በዓይኔ ባየው ኖሮ! በማግስቱ ለአባቴ ደወልሁላቸው። ፓምፑ ሲተኛ አልሙኒየሙ ምን ያህል እንደሚሞቅ በእጃቸው ሊያዩልኝ ፈቀዱ።

«አባ፣ ከጀርባው ያለውን ባለ ክንፉን ይንኩልኝ። ቀስ ብለው ግን፣ ያቃጥል ይሆናል።»

«እሺ። በልብሱ ላይ ልንካው ወይስ ገልጬ?»

«የምን ልብስ?»

«የሱ ልብስ ነዋ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁ።

«አባ፣ ሳጥኑ ልብስ አለው?»

«ምን ማለትሽ ነው? ለቤተ ክርስቲያን የገባ ዕቃ ራቁቱን ይቀመጣል እንዴ? መጽሐፉ ልብስ አለው፤ ከበሮው ልብስ አለው። ከፋይ ነው ያለበስነው። ዘርፍም አለው።»

ወፍራም ከፋይ፣ ዘርፍ ያለው። አየር የሚቀዘቅዝበትን አልሙኒየም ከራሱ እስከ እግሩ በከፋይ ጠቅልለው፣ ይደክመዋል ብለው ይደውሉልኛል። ሞስፌቶቹን፣ ካፓሲተሮቹን፣ ያቺን እውነት በመናገሯ የተባረረችውን ጠባቂ አሰብኋቸው።

«እኔ ጋ ሲመጣ ለምን ልብስ አልነበረውም ታዲያ?» አልሁ።

«ወደ ዓለም ሲወርድ እናወልቅለታለን እንጂ! የገዳም ልብስ ከገዳም ይወጣል?»

ልስቅ ነበር። ከፋዩን ማን ሰጠው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ካባዬ ነው» አሉ። «መምህር ስባል የተሸለምሁት። ሳጥን ውስጥ ብል ሊበላው ነበር፤ መጋቢውን ቅደዱና ስፉለት አልኋቸው። ያንቺ ሥራ አይደለም እንዴ? ሰው ሲያየው ምን ይላል?»

ሳቁ ቀረ። ያንን ካባ አውቀዋለሁ። እናቴ በዓመት አንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ስታሰጣው ከልጆች ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር። ሕይወቴን ሙሉ ከአባቴ አንድ የሙገሳ ቃል ስጠብቅ ኖሬአለሁ፤ እሳቸው ካባቸውን ቀድደው ሥራዬን አልብሰውታል፣ እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ ጀልባ ተሳፍሬ ጥፋቱን ከካፓሲተር ላይ ስፈልግ ከርሜአለሁ። ላቦራቶሪው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

«ምነው? ልብሱ ነው እንዴ የሚያደክመው?» አሉ በስልኩ ውስጥ። አባቴ ሞኝ አይደሉም። «አውልቁለት ካልሽ እናወልቅለታለን።» ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሎ ነበር።

«የለም፣ አባ። ይልበስ። ጥፋቱ የሳጥኑ ነው።»

እንግዲህ ከመጀመሪያ ጀምሬ እንደገና ሠራሁት። በመጽሐፍ ሁሉ ሬጉሌተር ሲነደፍ የሚጠየቀው ስንት ቮልት ይገባል፣ ስንት አምፔር ይወጣል ነው። እኔ አንድ ጥያቄ ጨመርሁ፤ ልብስ ለብሶ ይሠራል ወይ? አርባ ስምንት ወደ አሥራ ሁለት ሲወርድ ከጊዜው ሦስት አራተኛውን ሸክሙ የሚያልፈው በዚያ ገር በሆነው ዳዮድ በኩል ነው፤ ሙቀቱም አብዛኛው ከእሱ ነው። ዳዮዱን አውጥቼ በቦታው ጎን ለጎን ሁለት ሞስፌቶች ተከልሁ፤ በትእዛዝ የሚከፈቱና የሚዘጉ፣ ሲያሳልፉ እምብዛም የማይሞቁ። ከላይኛው በር ጋር አብረው እንዳይከፈቱ ደግሞ መሐል ላይ ትንሽ ፋታ ሰጠኋቸው፤ አብረው ከተከፈቱ የባትሪው ሁለት ጫፎች በቀጥታ ይገናኙና ሁሉም ይቃጠላል። የኮይሉን ሽቦ ነጠላ መሆኑን ትቼ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ እንደ ዘርፍ አጣምሬ ጠቀለልሁት። የቦርዱን መስመሮች በመዳብ ሰሌዳ ደገፍኋቸው። ከዚያ ፈተና ላይ ሳስቀምጠው ጋቢዬን አጣጥፌ አለበስሁት።

የክፍል ኃላፊያችን ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ጋቢ ለብሶ የተኛውን ሳጥን አየ።

«አሞታል እንዴ?» አለኝ።

«አልቦታል» አልሁት። «ንፋስ እንዳይመታው ብዬ ነው።»

ማታ ጋቢውን ስገልጠው ለብ ያለ ብቻ ነበር። በሳምንቱ ወስጄ ለመጋቢው አስረከብሁ፤ ወጥተው ገጠሙት፤ አለበሱት። ፓምፑ ተነሣ፣ ገንዳው ሞላ፣ ሞልቶ ፈሰሰ። አልተኛም። በሚቀጥለውም ሳምንት አልተኛም። የገዳሙ አበምኔት በተራ ውኃ መቅዳት ከአሁን ወዲያ ቀርቷል ብለው አወጁ፤ አባቴንም በእግዚአብሔር ስም ገዘቷቸው አሉ፣ ጉልበትዎ እስኪድን ቁልቁለቱን እንዳይሞክሩት። ገዝቶ የሚያስቀምጣቸው ሰው በመገኘቱ ደስ አለኝ። ይህን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥቂት ወራት ቆይቼ ሄድሁ። የምጠግነው ነገር ስላልነበረ በእጄ የያዝሁት ሎሚና ሻማ ብቻ ነበር። ጀልባው ሲጠጋ ውኃው ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ማንም አልተቀመጠም። መጋቢው ወርደው ተቀበሉኝ፤ አባቴ ደኅና ናቸው፣ እብጠቱም ጠፍቷል፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ለደቀ መዛሙርት ቅኔ ያስተምራሉ አሉኝ። ግዝቱም ተነሥቶላቸዋል፤ ወደ ታች የሚያስወርዳቸው ጉዳይ ግን የለም። ከላይ፣ ከዛፎቹ ውስጥ፣ ውኃው ወደ ገንዳው ሲወርድ ይሰማል። እኔ ወደዚያ መውጣት አልችልም። አባቴ ወደዚህ የሚወርዱት ለውኃ ነበር፤ ውኃውን ደግሞ እኔ ራሴ ወደ ላይ አወጣሁላቸው። በእጄ ከሠራሁት ነገር ሁሉ በሚገባ የሠራልኝ ይህ ብቻ ነው።

ስልክ ደወልሁላቸው።

«ምነው? ተበላሸ እንዴ?» አሉ ገና ድምፄን ሲሰሙ።

«አልተበላሸም፣ አባ። ታች ነኝ።»

«ካልተበላሸ ለምን መጣሽ?»

«እንዲሁ።»

ከኋላቸው የደቀ መዛሙርቱ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ጸጥ አሰኟቸው።

«በይ ቆይ፣ መጣሁ» አሉኝ። «እወርዳለሁ።»

አይውረዱ ማለት ነበረብኝ። ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ ጉልበትዎ ነው፣ ስንት የለፋሁት እንዳይወርዱ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ባለ ጀልባውን ሞተሩን እንዲያጠፋው ነገርሁትና ጠርዙ ላይ ተቀምጬ መንገድ መንገዱን አይ ጀመር።